«አንተ» ስላለችዎት የልጅ ልጅዎ

ሜልበርን፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቻችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ስለ እኔ ሆነው ይሳሙልኝ፤ ጎረቤቱንም ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። በስልክ ልነግርዎት የምችለውን ነገር በወረቀት ያሰፈርሁት፣ አንድም እርስዎ ዕድሜዎን በሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙ መምህር ስለሆኑና የተጻፈ ነገር ደጋግመው አንብበው እንደሚመረምሩት ስለማውቅ፣ አንድም በስልክ ስንነጋገር መስመሩ እየተቆራረጠ አንድን ሐሳብ ከዳር ማድረስ ስላልቻልን ነው። ደብዳቤውን ወደ አገር ቤት የሚመጣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው በእጁ ያደርስልዎታል።

በእንቁጣጣሽ ዕለት ስደውልልዎት ልጄ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ «አባባ፣ አንተ እንዴት ነህ?» ብላ ስትጠይቅዎት ለጥቂት ጊዜ ዝም ማለትዎን ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ መርቀዋታል፣ ስለ ትምህርቷም ጠይቀዋታል፤ ስልኩን መልሳ ስትሰጠኝ ግን «ይህች ልጅ ፈረንጅ ሆና ቀረች ማለት ነው?» ያሉኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያን ዕለት ሌላ ወሬ አንሥቼ አለፍሁት። አሁን ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን ጨርሳለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ እርስዎ ዘንድ መጥታ ገናንና ጥምቀትን አብራችሁ ልታከብር፣ ከዚያም እስከ መጋቢት ልትሰነብት ቲኬቷን ቆርጣለች። ከመምጣቷ በፊት ለጥያቄዎ መልስ ልሰጥ ይገባኛል። የዚህ አገር ወጣቶች እንዴት እንደሚኖሩና ልጄም ከእነርሱ ምን እንደወሰደች ካልነገርሁዎት፣ እርስዎ በምታደርገው ነገር ያዝናሉ፣ እርሷም ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ትሸማቀቃለች።

ስለ «አንተ» ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅቱ አማርኛን የተማረችው ከእኔና ከእናቷ አፍ ነው፤ እኛ ደግሞ እርስ በርሳችን «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የምንባባለው። እዚህ ቤት ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ሰው የለም። አያት የለ፣ የሰፈር ሽማግሌ የለ፤ የንስሐ አባታችንን እንኳ የምታገኛቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከደጅ ስትወጣ የምትናገረው እንግሊዝኛም ለሕፃኑም ለዳኛውም የሚሆን አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ አውስትራሊያውያን ማዕረግን አይወዱም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፕሮፌሰሩን በስሙ ይጠራል። ልጄ ከ15 ዓመቷ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ በምትሠራበት ዳቦ ቤት የእኔ እኩያ የሆነውን አለቃዋን የምትጠራው በስሙ ነው፤ «አቶ» ብትለው የተቀየመችው ይመስለዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን አንቶኒ አልባኒዚን የደገፈውም የተቃወመውም «አልቦ» ይላቸዋል። ስምን ማሳጠር እዚህ የመቅረብ ምልክት ነው፤ ቃላትንም ሁሉ እንዲሁ ያሳጥሯቸዋል፤ ከሰዓት በኋላውን «አርቮ»፣ ነዳጅ ማደያውን «ሰርቮ» ይላሉ። በእርስዎ አስተማሪነት ያጠናሁትን እንግሊዝኛ ይዤ ስመጣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግማሹ አልገባኝም ነበር።

ታዲያ እነዚህ ልጆች ክብር የሚባል ነገር አያውቁም ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አስቤ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ሥራዬ ነው። እንደሚያውቁት የምነዳው አውቶቡስ በከተማው ምዕራብ በኩል የሚሄድ ነው፤ በየዕለቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትምህርት ቤቶች ሲለቀቁ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች እየተንጫጩ ይሞሉታል። ሥራውን በጀመርሁበት ሳምንት አንድ ጎረምሳ በኋለኛው በር ሲወርድ ጮክ ብሎ «አመሰግናለሁ!» ሲል ሰማሁና ማንን እንደሚያመሰግን በመስተዋት ፈለግሁ። እኔን ነበር። ከእርሱ ኋላ የወረደችው፣ ከእርሷም ኋላ የወረዱት እንዲሁ አሉ። ወንበር ላይ እግሩን የሚሰቅል፣ የሚሳደብም አይጠፋም፤ ነገር ግን ሳያመሰግን የሚወርድ ጥቂት ነው። ሹፌር፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ አስተናጋጅ ሳይለይ ሰውን ሁሉ እኩል አድርጎ ማመስገን ከልጅነታቸው የለመዱት ነገር ነው። እኛ ክብርን ወደ ላይ መስጠት ተምረን አደግን፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ወደ ጎን መስጠትን ተምረዋል።

ይህን የማነሣው ቤትዎ ስትመጣ የሚያዩትን ስለማውቅ ነው። የበላችበትን ሳህን ራሷ ታጥባለች። ቤት ውስጥ የምትረዳችሁን ልጅ ገና በገባችበት ዕለት ስሟን፣ አገሯን፣ ትምህርቷን ትጠይቃታለች፤ ማዕድ ሲቀርብም «ለምን አብራን አትበላም?» ማለቷ አይቀርም። ሊስትሮውን፣ የታክሲውን ረዳት፣ የበሩን ዘበኛ እያንዳንዳቸውን ታመሰግናለች። እማዬ እንግዳ ልጅ ሥራ ስትሠራ ማየት እንደሚያሳፍራት አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንዳትከለክላት ይንገሩልኝ። ከዚህ ልማድ ውስጥ ከልጄ እንዲወጣ የምፈልገው አንዳች ነገር የለም። የጎደላትን፣ ማለትም ለታላቅ የሚሰጠውን ክብር ከነቃሉ፣ ከእርስዎ እንድትማር ነው የምልካት።

ማዕዱ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ አንድ ጊዜ «በቃኝ» ቢል የሚተወው ባለቤት የለም፤ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እየተባለ ይለመናል፤ እንግዳውም ይህን ስለሚያውቅ የመጀመሪያውን እምቢታ የሚያቀርበው ለወጉ ያህል ነው። እዚህ ቃል አንድ ጊዜ ይነገራል፣ እንደተነገረም ይወሰዳል። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ጋብዞኝ የተጠበሰውን ሥጋ ሲዘረጋልኝ በአገሬ ወግ «አይ፣ ይቅርብኝ» አልሁት። ሳህኑን ወደሚቀጥለው ሰው አሳለፈው፤ ዳግመኛም አልጠየቀኝም። ያን ሌሊት ተርቤም አዝኜም ነው የተኛሁት፤ ንፉግነት መስሎኝ ነበር። ሰውየው የተናገርሁትን አምኖ ፈቃዴን እንዳከበረልኝ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ልጄ ያደገችው በዚህ ወግ ነው። «ጠግቤያለሁ» ካለችዎት በእርግጥ ጠግባለች፤ «በሞቴ» ሲሏትም ሞት የሚለውን ቃል ሰምታ ልትደነግጥ ትችላለች። ጉርሻ ግን ትወዳለች፤ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የሚሉትን የእርስዎን አባባል ነግሬያት ስቃለች። ስለዚህ አንድ ጊዜ ያጉርሷት፣ ሁለተኛም ያጉርሷት፤ በሦስተኛው ይማሯት።

በዚህ አገር ወጣቶች ሲሰባሰቡ ድግሱን አንድ ሰው አይሸከመውም። በየመናፈሻው ሕዝብ በነጻ የሚጠቀምበት የኤሌክትሪክ መጥበሻ ተተክሏል፤ እሑድ ከሰዓት አንዱ ቋሊማ፣ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ሰላጣ ይዞ ይመጣል፣ የሚጠጣውንም እያንዳንዱ ለራሱ ያመጣል። ምግብ ቤት ከበሉ ሒሳቡን በስልካቸው ላይ እስከ ሳንቲሙ ይካፈሉታል። «እኔ ልክፈል፣ አንተ ተወው» እየተባባሉ እጅ ለእጅ መያያዝ የለም። ይህ መጀመሪያ ልቤን ያቀዘቅዘው ነበር። ሆኖም እነርሱም የእኛን የሚመስል አንድ ወግ አላቸው፤ «ሻውት» ይሉታል። በመጠጥ ቤት አንዱ ተነሥቶ ለሁሉም ይገዛል፣ ሲያልቅ ሌላው ይነሣል፤ ተራው ሳይደርስ ሹልክ ብሎ የሄደ ሰው ስሙ በጓደኞቹ ዘንድ ለዘለቄታው ይበላሻል። እርስዎ የሚካኤል ማኅበር ተራዎ ሲደርስ ብድር ገብተውም ቢሆን እንደሚደግሱት ማለት ነው። ልጄ በዚያ ዳቦ ቤት ላሉ ጓደኞቿ በተራዋ ቡና ትገዛለች። ቡናውም የሚጠጣው ቆሞ ወይም እየሄዱ ከወረቀት ኩባያ ነው፤ ይህች ከተማ የማሽን ቡናን የለመደችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከመጡ ጣሊያናውያን ነው፤ እኛም ማኪያቶን ያገኘነው ከጣሊያኖች ስለሆነ አዲስ አበባ ስትደርስ ማኪያቶው አይገርማትም። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪደርሱ ተቀምጦ መጠበቅ ግን ትዕግሥቷን መፈተኑ አይቀርም፤ እናቷ ቅዳሜ ቡና ስታፈላ ከቶና አልፋ የተቀመጠችበት ቀን ጥቂት ነው።

መጠጥን ካነሣሁ የሚያስጨንቀኝንም ልንገርዎት። ሕጉ መጠጥ እንዲሸጥለት የሚፈቅደው 18 ዓመት ለሞላው ነው፤ ለብዙዎቹ 18ኛው የልደት በዓል የመጀመሪያው የስካር ሌሊት ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲያልቅ ደግሞ «ስኩሊስ» የሚሉት ነገር አለ፤ ብዙ ሺህ ተማሪዎች ያለ ወላጅ ለአንድ ሳምንት ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ፤ ታዋቂው ቦታ በኩዊንስላንድ ያለው ጎልድ ኮስት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይጨፍራሉ፣ ይጠጣሉ። በጎ ፈቃደኞች በየመንገዱ እየዞሩ የደከመውን ውኃ ያጠጣሉ፣ ወደ ማረፊያውም ያደርሳሉ። ወላጆች ይህን እንደ ምርቃት ሥርዓት ተቀብለውት ይኖራሉ፤ እኔ አልተቀበልሁትም፣ ወደፊትም የምቀበለው አይመስለኝም። ከልጄ ጋር ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ወር ተከራከርን። «አትሄጂም» ብዬ መዝጋት እችል ነበር፤ በጥቅምት 18 ዓመት ከሞላት በኋላ ግን በሕግም በልማድም ቃሌ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም። በመጨረሻ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ቆጥራ፣ ለስኩሊስ ከምታወጣው ጋር ጨምራ የአዲስ አበባ ቲኬት ገዛችበት። እኔ አላዘዝኋትም። ይህን በተለይ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ እርስዎ የምትመጣው በራሷ ምርጫና በራሷ ገንዘብ ነው።

የገንዘቡ ነገር በቤታችን ውስጥ ቅያሜ አስነሥቶ ነበር። እዚህ ከ14 ወይም ከ15 ዓመት ጀምሮ ሥራ መያዝ የተለመደ ነው፤ የሐኪሙም የጠበቃውም ልጅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ሲደረድር፣ ሃምበርገር ሲሸጥ ያገኙታል፤ ማንም አያፍርበትም። ደመወዛቸውም በዕድሜ ተተምኖ በሕግ የተወሰነ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ልጅ ደግሞ ለምግብና ለመብራት በየሳምንቱ የሚያዋጣው «ቦርድ» የሚባል ገንዘብ አለ። ልጄ ፈተናዋን በጨረሰች ማግሥት ብር በፖስታ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። አባቷ ቤት ኪራይ ልትከፍል! ደሜ ፈላ፤ ፖስታውን መለስሁባት፣ እርሷም አለቀሰች። ባለቤቴ ናት ነገሩን የፈታችው። ልጅቱ የፈለገችው ከቤቱ ሰዎች አንዷ ሆና መቆጠር እንጂ ከእኛ ጋር ሒሳብ መዝጋት እንዳልነበረ እርሷ ቀድማ ተረድታው ነበር። አሁን በየሳምንቱ ፉትስክሬይ ካሉት የአበሻ ሱቆች ጤፍና በርበሬ የምትገዛው ልጄ ናት፤ የእንጀራችንን ወጪ ትሸፍናለች፣ እኔም ስበላ ቅር አይለኝም። እርስዎ ዘንድም ስትሆን ለቤቱ አንድ ነገር ልግዛ ብትልዎት አይቆጡ፤ ቡናውን ወይም ስኳሩን ይተዉላት።

አባዬ፣ አሁን የምነግርዎት በዚህች አገር ከገጠሙኝ ነገሮች ሁሉ የምወደውን ነው። እኛ ባለንበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ልጅ በ16 ዓመቱ የለማጅ ፈቃድ ያወጣል፤ መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ግን 18 ዓመት መሙላትና ሙሉ ፈቃድ ካለው ሰው ጋር 120 ሰዓት መንዳት አለበት። ከዚያ ውስጥ 20ው ሰዓት የሌሊት መሆን አለበት፤ እያንዳንዱም ጉዞ ይመዘገባል። ሕጉ የተደነገገው ለጋ ሾፌሮች በመንገድ እንዳይሞቱ ነው፤ ፈቃዱ ከተገኘም በኋላ ለአራት ዓመት «ፒ» የሚል ምልክት መኪናው ላይ ተለጥፎ፣ አንዲት ጠብታ አልኮል ሳይቀመስ ነው የሚነዳው። ሕግ አውጪዎቹ ይህን አስበው ይሁን አይሁን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆችን ከጎረምሳ ልጆቻቸው ጋር 120 ሰዓት አንድ ቦታ አስቀምጠዋቸዋል።

ቤት ውስጥ ልጄ በሯን ዘግታ ከስልኳ ጋር ነበረች፤ እኔ ከሥራ ደክሜ እገባለሁ። መኪና ውስጥ ግን ሁለታችንም ዓይናችን መንገዱ ላይ ስለሆነ ፊት ለፊት መተያየት የለም፤ ፊት ለፊት መናገር የሚከብደው ነገር ሁሉ ያን ጊዜ ይወጣል። ወደ ጂሎንግ በሚወስደው መንገድ በሌሊት ስንሄድ ስለ እርስዎ ጠየቀችኝ። ምን ያስተምሩ እንደነበር፣ እኔን ይገርፉኝ እንደሆነ፣ ከአገር ስወጣ ምን እንዳሉኝ። ለማንም ያልተናገርሁትን ነገርኋት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝተውኝ ከመስተዋቱ ማዶ ጋቢዎን እንደለበሱ፣ እኔ ከዓይንዎ እስክጠፋ እንዳልተንቀሳቀሱ። እርሷም ትምህርት ቤት ገና በገባችበት ዓመት በምሳ ሳጥኗ ያለውን እንጀራ ልጆች «ስፖንጅ ነው» ስላሏት ከዚያ በኋላ ሳንድዊች እንድንቋጥርላት የለመነችን ለምን እንደነበር ያን ሌሊት ነገረችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሳልሰማው የኖርሁት ነገር ነው።

ከእንቁጣጣሹ ስልክ በኋላ ገና 30 ያህል ሰዓት ይቀረን ነበርና በእነዚያ ሰዓታት መንዳትን በ«እርስዎ» አስተማርኋት። «አሁን ወደ ቀኝ ይታጠፉ»፣ «ፍጥነትዎን ይቀንሱ»፣ «መስተዋትዎን ይመልከቱ» እያልሁ አዝዛታለሁ፤ እርሷም «አባዬ፣ እዚህ ላቁም? ምን ይላሉ?» ብላ ትመልስልኛለች። መጀመሪያ አፏን ያስራት ነበር፤ «አሉ» እና «አለህ» ይምታቱባት ነበር። ፈቃዷን ባገኘች ዕለት ግን ከመኪናው ወርዳ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስላስተማሩኝ» አለችኝ። አሁንም በደስታ ጊዜ፣ ስትቸኩልም «አንተ» ይቀድማታል። ሲቀድማት በስሟ ይጥሯት፤ ወዲያው ታርመዋለች።

«ጋሼ» እና «እትዬ» ለምን እንደሚባል ለማስረዳት ብዙ አልደከምሁም፤ ይህን ቀድሞ ያስተማራት የዚህችው አገር ሰው ነው። ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም ከ50 ሺህ ዓመታት በላይ በዚህ ምድር የኖሩት፣ ሽማግሌዎቻቸውን «አንቲ» እና «አንክል»፣ አክስትና አጎት፣ እያሉ ይጠራሉ፤ ተማሪዎችም ወደ ትምህርት ቤታቸው ሲመጡ እንዲሁ እንዲጠሯቸው ይነገራቸዋል። በትምህርት ቤት ስብሰባ መክፈቻ ላይ አንድ ተማሪ ተነሥቶ የምድሩን ባለቤቶች፣ በእኛ አካባቢ የዉሩንጀሪን ሕዝብ፣ ያመሰግናል፤ ላለፉትም ላሉትም ሽማግሌዎች ክብር ይሰጣል። ልጄ ይህን ንግግር ደጋግማ አድርጋለች። ከእርሷ ዘመን ልጆች ብዙዎቹ ጃንዋሪ 26ን፣ እንግሊዞች በ1788 ሲድኒ ላይ የሰፈሩበትን ቀን፣ ለነባሮቹ የኀዘን ቀን ነው ብለው አያከብሩትም። ለሽማግሌ ክብር እንደሚገባ ታውቃለች፤ የራሷ ሽማግሌዎች ግን በባሕር ማዶ ናቸው።

ባለፈው ሚያዝያ 17 ያደረገችውም ይህንኑ ያስረዳዎታል። በእነርሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 25 ነው፤ በ1915 የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ወታደሮች በቱርክ ጋሊፖሊ የወረዱበት ቀን ስለሆነ ሕዝቡ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሙታኑን ያስባል። የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች በብርድ፣ በጨለማ፣ በጸጥታ ቆመው ማየት አስገርሞኛል። እኛ የጥብስ ቅጠል የምንለውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ በጋሊፖሊ ተራሮች የሚበቅል ስለሆነ የመታሰቢያ ምልክት አድርገውታል። ሽታው በየአቅጣጫው ሲመጣ የእማዬ ማጀት ውስጥ የቆምሁ መሰለኝ። የዘማቾች ዘሮች የአባቶቻቸውን ሜዳይ በቀኝ ደረታቸው ያንጠለጥላሉ፤ በግራ የሚያደርገው ራሱ የዘመተው ብቻ ነው። ልጄ ይህን አይታ «የአባባ አባት አርበኛ አልነበሩም? ሜዳያቸው የት ነው?» አለችኝ። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ የእኛ የአርበኞች ቀን መሆኑን ስነግራት ለምን እስከ ዛሬ እንደሸሸግሁባት ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሜዳዩ በሳጥንዎ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ እንዳለ አውቃለሁ። ያሳዩዋት፤ የአያቴንም ታሪክ ለእኔ እንደነገሩኝ ይንገሯት። አማርኛዋ የማይደርስበት ቦታ ቢኖር ቀስ ብለው ይድገሙላት።

ስለ ዩኒቨርሲቲዋ ለእማዬ የሚያሳስባት ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ። ልጅቱ ትምህርቷን አልተወችም። እዚህ ብዙ ተማሪዎች 12ኛ ክፍልን ከጨረሱ በኋላ አንድ ዓመት ይሠራሉ ወይም ይጓዛሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ቦታቸውን ይዞ ይጠብቃቸዋል። ውጤቱ ታኅሣሥ ሲጠባ ይነገራል፤ ምን እንደመጣላት ሲጠይቋት «መጥፎ አይደለም» ብትልዎት ጥሩ ነው ማለቷ ነው፤ በዚህ አገር ራሱን የሚያወድስ ሰው አይወደድም። የትምህርቱን ክፍያ መንግሥት በብድር ይሸፍናል፤ ከ1989 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ደንብ ሲሆን፣ ተማሪው ዕዳውን በግብር በኩል የሚከፍለው ሥራ ይዞ ዘንድሮ በተወሰነው መሠረት የዓመት ገቢው ከ67 ሺህ ዶላር ሲያልፍ ነው። አገር ቤት ወጪ መጋራት ከምንለው ጋር ይቀራረባል።

ጥቂት ትናንሽ ነገሮች ቀርተዋል። ጉልበትዎን እንድትስም ነግሬያታለሁ፤ እዚህ ሰላምታው ማቀፍ ስለሆነ ግን ቀድማ አንገትዎ ላይ ብትጠመጠም አይግረምዎት። ሲመርቋት «አሜን» ማለትን ታውቃለች። በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ ፊቷን ነጭ ቅባት ስትቀባ ቢያዩ ለማጌጥ አይደለም፤ የዚህ አገር ፀሐይ የቆዳ ካንሰር ስለሚያመጣ ከ1981 ጀምሮ ልጆች ሸሚዝ እንዲለብሱ፣ ቅባት እንዲቀቡ፣ ባርኔጣ እንዲያደርጉ እየተነገራቸው ያድጋሉ፤ ባርኔጣ የሌለው ተማሪ በዕረፍት ሰዓት ጥላ ሥር ይቀመጣል እንጂ ሜዳ ላይ አይጫወትም። በባዶ እግሯ ወደ ደጅ መውጣት ትወዳለች፤ እዚህ ወጣቶች ሱቅ ድረስ ሳይቀር እንዲሁ ይሄዳሉ። በዚህ ላይ ይቆጧት፤ እኔ ብዬ ብዬ አቅቶኛል። ጎረቤት ሳይደውል ሲመጣ ግራ ሊገባት ይችላል፤ እዚህ ጓደኛ ቤት የሚኬደው መልእክት ልኮ መልስ ከተጠበቀ በኋላ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ይስጧት እንጂ የቡናው ሰዓት ራሱ ያለማምዳታል።

አንድ ልመና አለኝ። ፊደልን ታነባለች፤ ስትጽፍ ግን ትፈራለች። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ያስጽፏት። እኔን ባስተማሩበት መንገድ፣ መዝሙረ ዳዊትን በፊትዎ አስቀምጠው አንድ አንድ መስመር እየገለበጠች ትማር። ስትሳሳት በቀይ ያርሙላት፤ ደብተሯን ስትመለስ አየዋለሁ።

የንባብ መነጽርዎን ቁጥር ለወንድሜ ነግረውት ስለነበር አሠርቼዋለሁ፤ ልጅቱ ይዛው ትመጣለች። ለእማዬ ሹራብ አለ። የምትደርስበትን ቀንና ሰዓት በስልክ አሳውቃችኋለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ልጄ በራሷ እጅ ጽፋዋለች። አላረምሁትም።

በረከትዎ አይለየኝ።
አክባሪ ልጅዎ

አባባ እንደምን ነዎት? እማማስ እንዴት ናቸው? ከገና በፊት እመጣለሁ። የአባትዎን ሜዳይ ያሳዩኛል? ቡናውን እስከ በረካ ድረስ አንተ ጋ ቁጭ ብዬ እጠጣለሁ።